ሰበር የምትባል ድመት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን የንባብ ክበብ ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ስለጠየቁኝ ከተቀዳው ላይ ገለበጥኩት። "እ…" እያልኩ የቆምኩባቸውን ቦታዎች ብቻ አውጥቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆችም። ወንበር እዚህ ፊት አለ፤ ኑ፣ አልናከስም። ስለ ውሻ ላወራ መጣሁ እንጂ ውሻ አይደለሁም።

ሰብሳቢያችን ስትደውልልኝ "የፈለግሽውን ርዕስ ምረጪ" አለችኝ። ስለ ቤት እንስሳት ልናገር ስላት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "በዚህ ጊዜ?" አለችኝ። አዎ፣ በዚህ ጊዜ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቃሏ አልለቀቀኝም። በዚህ ጊዜ? ጦርነት በየአቅጣጫው እያለ፣ ኑሮ እንዲህ ሆኖ፣ ሰው ስለ ድመት ያወራል ወይ?

ዛሬ የምመልሰው ይህችን ጥያቄ ነው። ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ዜናው ምን እንዳደረገን። ሁለተኛ፣ ድመትና ውሻ ምን እንደሚያደርጉልን። ሦስተኛ፣ ሰው እየተቸገረ እንስሳ ማቀፍ ነውር ነው ወይ የሚለውን። ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ያደረግኩት። ቡናው እስከዚያ ይደርሳል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ጠዋት ዓይናችሁን እንደገለጣችሁ መጀመሪያ የምትነኩት ምንድን ነው? ውሃ? ልጃችሁን? ወይስ ስልካችሁን? እጅ አውጡ። አያችሁ! ጋሼ፣ እርስዎም? አይፈሩ፣ እኔም ነኝ።

እኔ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት የውጭ ዜና ተርጓሚ ነበርኩ። የሌሊት ፈረቃ። ማታ 4 ሰዓት እገባለሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። እናንተ ቁርስ ላይ የምትሰሙት ዜና የኔ የሌሊት እንጀራ ነበር። ዓለም ሲታመም ሥራ ይበዛልኛል። ዓለም ደህና ሲያድር ደግሞ… ደህና ያደረበት ሌሊት ትዝ አይለኝም።

እኛ ዘንድ "ሰበር" ማለት ሩጫ ነው። ግን ሰበር ዜና ምን እንደሚሰብር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ፕሮግራም ይሰብራል፣ ልክ ነው። ሌላስ? እንቅልፍ ይሰብራል። ወገብ ይሰብራል። ልብ ይሰብራል። ድሮ ሰበር የምንለው ስንት ጊዜ አንዴ ነበር። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ከቁርስ እስከ ምሳ አስር ጊዜ ሰበር ነው። ሰበር፣ ሰበር፣ ሰበር። እስካሁን ሳይሰበር የቀረ ነገር አለ ወይ?

አባቶች "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ይላሉ። ስልክ እንዲያ ነው። የምንከፍተው ለትንሽ ነገር ነው፤ የዘመድ ልጅ ልደት ፎቶ ለማየት። በዚያች ቀዳዳ ጅቡ ሁሉ ተከታትሎ ይገባል። ጦርነት ይገባል፣ ጎርፍ ይገባል፣ የተቃጠለ ከተማ ይገባል። የሕፃኑን ልደት ረስተን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የማናውቀውን አገር ፍርስራሽ ስናይ እንገኛለን።

የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም በየዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በ47 አገሮችና ግዛቶች ሰው ጠይቀው ነበር። 39 በመቶው አንዳንዴ ወይም ብዙ ጊዜ ሆን ብለን ዜና እንሸሻለን አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ቁጥር 29 ነበር። ኢትዮጵያ ከተጠየቁት ውስጥ የለችም። ብትኖርም እንጃ፤ እኛ ዜናን የት እንሸሸዋለን? እሱ ነው ሲያሳድደን የሚውለው።

ወዳጆቼ፣ ዜና አትስሙ ልላችሁ አይደለም። ይህን ብል የሃያ ሁለት ዓመት ደመወዝሽን መልሺ ትሉኛላችሁ። የምለው ሌላ ነው። ዜና ሲበዛ ያደነዝዛል። በራሴ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ሰበርን ላስተዋውቃችሁ። ሰበር ድመቴ ናት። ስሟ ከሥራዬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቤቴ በገባች በመጀመሪያው ቀን የእናቴን ጀበና ሰበረች። ሰበር አልኳት። አሁን ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ቆሜ "ሰበር! ሰበር!" ስል ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ "ደግሞ ምን ሆነ?" እያሉ ይወጣሉ። ምንም አልሆነም። እራት ደርሷል።

እና በ2015 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ቱርክና ሶሪያን ያ ክፉ ርዕደ መሬት መታቸው። ታስታውሳላችሁ። ቁጥሩ በየሰዓቱ ይጨምር ነበር። ሺህ፣ አምስት ሺህ፣ ሃያ ሺህ። በመጨረሻ ከሃምሳ ሺህ አለፈ። "የሟቾች ቁጥር አሻቀበ" የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈው ነበር። የማረጋግጠው ዜሮዎቹን ነው። ሦስት ናቸው አራት? ይኸው ነው። እነማን ናቸው ብዬ አልጠየቅኩም። አላለቀስኩም። ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቀጣዩ ዜና አልፋለሁ።

በዚያ ሰሞን ሰበር ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ ስገባ አንዷ ሞታለች። መዳፌን አትሞላም። ሰበር በአንገቷ ታነሳታለች፣ ታስቀምጣታለች፣ ትልሳታለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን ታየኛለች። ጫማዬን ሳላወልቅ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ጎረቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች።

ከዚያ አፈርኩ። ሃምሳ ሺህ ሰው ሲያልቅ እንባ ያልወጣት ሴት ለድመት ልጅ ታለቅሳለች? ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ? ሳስበው ዋልኩ። እንባው ለካ ቀድሞም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲጠራቀም ቆይቶ መውጫ ነው ያጣው። ለሃምሳ ሺህ እንዴት ተደርጎ ይለቀሳል? ለአንዲት፣ መዳፍ ላይ ላለች ግን ይቻላል።

በማግስቱ ሌሊት ሥራ ገብቼ ከቁጥሩ ሥር ስለ አንዲት እናት የተጻፈ ሦስት መስመር ፈልጌ ተረጎምኩ። አለቃዬ "ይረዝማል" አለኝ። ይርዘም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ አስረዘምኩ።

ሁለተኛው ነጥብ። እናቴ የመንዝ ሴት ነበረች። ለሷ የውሻ ቦታ ደጅ ነው፣ የድመት ጓዳ። ውሻ ለሌባና ለጅብ፣ ድመት ለአይጥ። ሥራ አላቸው፤ ደመወዛቸው ትርፍራፊ ነው። መውደድ የሚባል ነገር በሒሳቡ ውስጥ የለም። እናቴ ድመት ስትደባብስ አይቻት አላውቅም። ግን ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ድመቷ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ትተኛለች። እናቴ ልትነሳ ስትል ቀሚሷን ቀስ አድርጋ ነበር የምትስበው። እንዳትቀሰቅሳት። ይኼስ ምንድን ነው? ስም አላወጣችለትም እንጂ።

"እንስሳ መውደድ የፈረንጅ ነው" የሚሉኝ አሉ። እስቲ መጽሐፈ ጦቢትን አስታውሱ። የጳጉሜ 3ቱን፣ የቅዱስ ሩፋኤልን ታሪክ። ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ መልአኩ በሰው አምሳል አብሮት ይጓዛል። ዓሣውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የአባቱ ዓይን መብራቱን እናስታውሳለን። ውሻውንስ? ውሻ አለ እኮ! ከልጁና ከመልአኩ ጋር የሚሄድ ውሻ። ተአምር አይሠራም፣ አይናገርም፣ ማንንም አያድንም። አብሮ ይሄዳል። ሲመለሱም አብሮ ይመለሳል። ጻፊው ይህን ለምን ጻፈ? እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስንስ? አንበሳና ነብር ከሌለበት ሥዕላቸውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ ድመት ዘግታባት በረሃብ በመግደሏ ስለተቀጣች ሴት የተነገረውን ሐዲስ ከኔ በላይ ያውቁታል። ጃንሆይም ከነዚያ ሁሉ አንበሶች ሌላ ትንሿ ውሻ ሉሉ ነበረቻቸው። ስለዚህ "የፈረንጅ ነው" የምትለዋን እዚህ ላይ እንዝጋት።

ፈረንጅ ካልን አይቀር፣ "የአቢሲኒያ ድመት" የሚሏት ዝርያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ዘምቶ ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት ይዞ ሄደ፣ ከሷ የመጡ ናቸው ይባላል። በኋላ ዘራቸው ሲመረመር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚያመራው። ስሙ የኛ፣ ዘሩ የሌላ። እሺ፣ ከመቅደላ የተወሰደው ሌላው ሁሉ ይመለስልን፤ ድመቷን እንተውላቸዋለን።

ሳይንሱን ባጭሩ ልበል፤ ወጣቶቹ "ማስረጃ" ስለምትሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 249 ተማሪዎችን ወሰዱ። አንዳንዱን ለአስር ደቂቃ ድመትና ውሻ አስደባበሱት። ሌላውን ሌሎች ሲደባብሱ እንዲያይ አደረጉ። ለሌላው የእንስሳቱን ፎቶ አሳዩት። ከዚያ ምራቃቸውን ወስደው ኮርቲሶል የሚባለውን፣ ከጭንቀት ጋር የሚያያዘውን ንጥረ ነገር ለኩ። በእጁ የደባበሰው ላይ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልብ በሉ! ፎቶ ማየቱ እንደ መንካቱ አልሆነም። የድመት ቪዲዮ እያየሁ ነው የምዝናናው ለምትሉ ነው ይህን ያመጣሁት።

ሌላም አለ፣ የቆየ። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ የልብ ሕመምተኞችን ዓመት ሙሉ ተከታተሉ። እንስሳ ካላቸው 53 ሰዎች 3 ሞቱ፤ ከሌላቸው 39 ሰዎች 11 ሞቱ። ይህን ሰምታችሁ ነገ ከመድኃኒት ቤት ይልቅ ድመት ፍለጋ እንዳትሄዱ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች አንዱ ሲደግፍ ሌላው አይደግፍም። ድመት መድኃኒት አይደለችም። ድመት ድመት ናት።

ታዲያ ምን አደረገችልኝ?

2013 ዓ.ም.፣ የጥቅምት መጨረሻ። የእህቴ ልጅ ሥራ ይዞ መቀሌ ነበር። ጦርነቱ ተጀመረ፣ ስልክ ተቋረጠ። እህቴ በቀን ሃያ ጊዜ ትደውላለች። ያቺ "ማግኘት አይችሉም" የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት የምታነሳው። እህቴ ከዚያ ወደ እኔ ትደውላለች። "አንቺ እዚያው ነሽ፣ ምን ሰማሽ?" ትለኛለች። የዓለም ዜና ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ስለ አንድ ልጅ አንዲት ቃል የለኝም።

በእረፍቴ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ስልኩን እገልጣለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እገልጣለሁ። ንጋት 11 ሰዓት ሲሆን ሰበር ትመጣና መዳፏን አፍንጫዬ ላይ ታደርጋለች። ጥፍሯን ሰብስባ። አልነሳም ስል በጥፍሯ። ለሰበር ጦርነት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ መግለጫ የለም። ሳንባ ነው ያለው። እነሳለሁ። ከሉካንዳ የገዛሁትን ሳንባ እከትፋለሁ፣ እጥዳለሁ። ሽታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰበር እግሬ ሥር ትዞራለች። ጉሮሮዋ ውስጥ ያ እንደ ወፍጮ ቤት የሚንደረደረው ድምፅ ይጀምራል።

ልጁን መቀሌ ሄጄ ማምጣት አልችልም። ስልኩን ማስነሳት አልችልም። ጦርነት ማቆም አልችልም። ሳንባ መቀቀል ግን እችላለሁ። ገባችሁ? ቀቅዬ፣ አብርጄ፣ ሳስቀምጥላት ትበላለች። አንድ ነገር ጀምሬ ጨረስኩ። አንድ የተራበ ጠገበ። ማታም እንደዚያው። በቀን ሁለት ጊዜ እጄ የሚደርስበት ነገር ነበረኝ። ያን ሰሞን በእግሬ ያቆመኝ ይህ ነው። ሰዎች "ድመት ፍቅር ትሰጣለች" ይላሉ። እኔ እንጃ፤ ሰበር እኔን ትውደደኝ ሳንባውን እስካሁን አላጣራሁም። እኔን ያቆመኝ እሷ የምትፈልገው ነገር እጄ ላይ መኖሩ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ማታ ሰበር ጭኔ ላይ ተኝታ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። "አክስቴ" አለኝ። ብድግ ስል ሰበር ወደቀች፤ ስትወድቅ እጄን ዘነጠለችው። ይኸው ጠባሳው፣ ከዚህ እስከዚህ። ልጁ "ደህና ነኝ፣ ለእማዬ ንገሪልኝ" ሲለኝ ደሜ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እህቴ ይህን ጠባሳ ባየችው ቁጥር ትስመዋለች።

ያልተደወለለት ስንት ቤት እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ይኖራል። ለነሱ ድመት አቅፋችሁ ተጽናኑ የሚል አፍ የለኝም።

አሁን ሦስተኛው። የአባቴ እህት አሉ፣ ሰማንያን ያለፉ። አንድ ቀን ቤቴ መጥተው ሳንባው ተጥዶ አዩ። "ሰው እያለቀ አንቺ ለድመት ትቀቅያለሽ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደግሞም እውነት አላቸው። በሰፈራችን ሥጋ የሚበሉት በዓል ሲመጣ ብቻ የሆኑ ቤቶች አሉ። የፈረንጅ አገር ውሻ ልብስ ለብሶ ሲሄድ ስናይ የሚሰማን ስሜት ቅናት ብቻ አይደለም፤ ፍርድም አለበት።

ግን እትዬን አንድ ነገር ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1939 እንግሊዝ ጦርነት አወጀች። ሬዲዮው ሁሉ ስለ ቦምብ ነው የሚያወራው። ቦምብ ሲወርድ እንስሶቹ ምን ይሆናሉ? ምግብስ ሲጠፋ? የለንደን ሰዎች ድመትና ውሻቸውን አቅፈው የእንስሳት ሐኪም ቤት ተሰለፉ። ለማስታከም አይደለም፣ ለማስገደል። በሳምንት ውስጥ ወደ 400 ሺህ ድመትና ውሻ እንደተገደለ ይገመታል። ለንደንን በየሌሊቱ የደበደበው ቦምብ መቼ ጀመረ? በመስከረም 1940። ዓመት ቆይቶ! ቦምቡ ሳይደርስ ዜናው ቀድሞ ገባና በየቤቱ ያለውን ገደለ። ያ ሁሉ ሰው ጨካኝ ነበር? አልነበረም። ፈርቶ ነበር። ፍርሃት መጀመሪያ የሚያስጥለን እጃችን ላይ ያለውን ነው።

ሌላዋ ጎረቤቴ ደግሞ ካርቱም ስትሠራ ኖራ በ2015 ሱዳን ስትፈነዳ በመተማ በኩል የገባች ናት። ሁሉን ጥላ ነው የመጣችው፤ ፍሪጅ፣ ወርቅ፣ የስንት ዓመት ልፋት። አንድ ቀን ቡና ላይ "ምኑ ነው የቆጨሽ?" አልናት። "ድመቷ" አለች። "ባሉኝ ሳህኖች ሁሉ ውሃ ሞልቼ መስኮቱን ከፍቼላት ወጣሁ። ጥይት እየተተኮሰ። እህቴ 'አብደሻል' እያለች ትጎትተኛለች።" ይህችን ሴት ታውቋታላችሁ፤ አዋላጅ አጥተን በተንከራተትንበት ሌሊት የሦስተኛ ፎቋን ልጅ ይዛ ሆስፒታል የሮጠችው እሷ ናት። ለድመት ውሃ የሞላ እጅ ለሰው ይሰስታል ያለው ማነው? የሕንፃችንም ጥበቃ እንዲሁ ነው። ማታ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለበር ውሻ ይሰጣል። "ለራስዎ ሳይበቃዎት?" ብለው "ብቻዬን ስበላ አይጥመኝም" አለኝ።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ምን አሉ መሰላችሁ? "እሺ፣ ግን ሳንባው በደንብ አልበሰለም።"

ከመጨረሴ በፊት አንድ ቁም ነገር፣ ቀልድ የሌለበት። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፤ ሰው ይገድላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ አይድንም ማለት ይቻላል። ውሻችሁን ድመታችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አስራ አምስት ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ሂዱ። ዓረቄ አታፍስሱበት፣ ቅጠል አታስሩበት፣ "ጭሬት ነው" አትበሉ። በረንዳ ላይ በአጭር ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ ውሻ የምታስሩ ጎረቤቶቼም ታውቃላችሁ፣ ስም አልጠራም። እሱ ሲጮህ የሚያድረው ሌባ አይቶ አይደለም።

ቡናው ደርሷል ይሉኛል። አንድ ማስታወቂያ ብቻ ላክል።

ከሕንፃችን ጀርባ ጥበቃው ዳቦ የሚያካፍላት ውሻ ሦስት ቡችሎች ወልዳለች። ሁለት ወር ሞልቷቸዋል። አንዱን ጥበቃው ራሱ ይወስደዋል። አንዷን ከካርቱም የመጣችው ጎረቤቴ ወስዳለች፤ ትናንት ስም አወጣችላት፣ ግን አትነግረንም። አንድ ቀርታለች። እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ አይደለችም። አንድ ጆሮዋ ወድቋል፣ ጭራዋን ስትቆላ ወገቧ አብሮ ይሄዳል፣ ትወድቃለች። የመጀመሪያ ክትባቷን እኔ እከፍላለሁ። እኔ እንዳልወስዳት ሰበር አለች፤ ጠባሳውን አይታችኋል። የሚወስዳት ካለ እዚያ በሩ ጋ ያለችው ልጅ ስልኬን ትስጣችሁ።